የተቆረጠው የነጠላ ጫፍ

እናቴ ምግብ የምትሸፍነው ለዝንብ ብላ አይደለም። ዳባት ብርድ ነው፤ ዝንብም ብዙ አይደፍረውም። የምትሸፍነው ለሰው ዓይን ነው። በር ሲንኳኳ መጀመሪያ እጇ የሚሄደው ወደ መሶቡ ክዳን ነው፤ «ማነው?» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆች ሳለን ጉርሻችንን ሳንውጥ እንግዳ ከገባ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን እያላመጥን ነው ያደግነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለውን ተረት ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ በቃሌ የያዝኋት ከእሷ ነው።

እኔ ደባርቅ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቤተሰቤ ይህን ሙያዬን እንደማይድን በሽታ ያየዋል። የሰው ሕፃን ሳደንቅ «ማርያም ትጠብቀው» አልልም፤ እንትፍ እንትፍም አልልም። ቆንጆ ከሆነ ቆንጆ ነው ብዬ አልፋለሁ። ስለዚህ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ አራስ ጥየቃ ከእኔ ጋር መሄድ አትወድም። እኔም ከእሷ ጋር መሄድ አልወድም፤ ከወጣን በኋላ ማን ማንን እንዴት እንዳየ ስትተነትን መንገዱ አያልቅም።

ታናሽ ወንድሜ የሰሜን ተራሮች አስጎብኚ ነው። ፈረንጅ እየመራ ጭላዳ ሲያሳይ ይውላል፤ ማታ ደባርቅ ሲመለስ ደግሞ አንድ ፋርማሲ ደጃፍ ይቆማል። እንዲህ ያለ ራስ ምታት በአገር አልታየም፤ በየቀኑ ፓራሲታሞል ይገዛል። ኋላ እንደሰማነው ፋርማሲው ውስጥ የምትሠራውን ልጅ ሊያገባ ነው። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ አስተምሬያታለሁ። ረጋ ያለች፣ ጥያቄው ሳያልቅ የማትመልስ ልጅ ናት። ደስ አለኝ።

የእናቴ ደስታ ግን የልጅቷ እናት ማን እንደሆነች እስክትሰማ ድረስ ብቻ ቆየ። ሴትዮዋ የዳባት ሰው ናት፤ ገበያው ጫፍ ላይ ነጭ ሽንኩርት በኩንታል ትነግዳለች። አባቷ ቀጥቃጭ ነበሩ። ያገሩ ገበሬ በሳቸው ማረሻ ሲያርስ ኖሯል፤ በዚያ ማረሻ የታረሰውን እህል ግን እሳቸው እያዩት የሚበላ ሰው አልነበረም። «ጠይብ ናቸው» ይባላል፤ ትርጉሙም ዓይናቸው ሰው ይበላል፣ ቡዳ ናቸው ማለት ነው። ቡዳ ነጭ ሽንኩርት ይፈራል የሚለው ሕዝብ፣ የቡዳ መከላከያውን ከእሷው ገዝቶ በልጁ አንገት ያንጠለጥላል። ይህን ለአክስቴ ስነግራት «እሱማ ለሰው እንዳትታወቅ ነው» አለችኝ። ከአክስቴ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እናቴ ግን ወንድሜን ትወደዋለች። አኩርፋ ቆይታ፣ ሽማግሌ ይሂድ አለች። ሽማግሌው ሄደ፣ እሺታ ተገኘ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ፤ ከዚያ የልጅቷ እናት እኛ ቤት ተጋበዘች።

ያን ቀን የሆነውን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ከአክስቴ ዓይን ላይ ዓይኔን አላነሳሁም ነበር። ዶሮ ቀረበ። የልጅቷ እናት ቀጭን፣ ድምፀ ዝግ ሴት ናት፤ አንገቷን ደፍታ ጥቂት ጥቂት ትቆርሳለች። እናቴ መጀመሪያ ስትጠነቀቅ ቆይታ፣ ወሬው ሲሞቅ ረሳችው፤ ደህና አድርጋ መብላት ጀመረች። ያን ጊዜ እንግዳዋ ቀና ብላ አየቻትና ፈገግ አለች።

«ሲበሉ እንዴት ያምርብዎታል» አለች።

በቃ፣ ይህችኑ ነው ያለችው። «ማርያም ትጠብቅዎ» አላለችም። አክስቴ እጇ ወጡ ላይ ቀረ። እናቴ የያዘችውን ጉርሻ እንደማይሆን አድርጋ ዋጠችው። እኔ ብቻ ሳቄ መጣ፤ እንደኔ ያለ የምርቃት ስስታም ሌላም አለ ለካ ብዬ።

ማታውን እናቴ ታመመች። ሆዷን ቆረጣት፣ አስመለሳት፣ አስቀመጣት። እኔ የጠረጠርሁት ውኃውን ነው፤ ቧንቧ ከጠፋ ስለሰነበተ እናቴ ሰንብታ የምትጠጣው ከታች ከምንጩ ነበር። አክስቴ የጠረጠረችውን መናገር አያስፈልግም። በማግስቱ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት፤ መረመሯትና አሜባ ነው አሉ። መድኃኒቱ እዚያ ስላልነበረ ደባርቅ ሄጄ ከፋርማሲዋ ልጅ ገዛሁት። ልጅቷ እንዴት እንደሚወሰድ ደጋግማ ነገረችኝ፤ «ሆዷ ባዶ ሆኖ እንዳትውጠው» ብላ በእጇ ጽፋ ሰጠችኝ። እናቴ እኔን ላለማስቀየም ብላ ትውጠው ጀመር። አክስቴ ግን «በበላት ቤት እጅ መድኃኒት!» ብላ ወጥታ ሄደች።

የሄደችው ሌላ መድኃኒት ፍለጋ ነው። ለማያውቅ ሰው ልናገር፦ ቡዳ በላው የሚባል ሰው የሚድነው የበላው ሰው ልብስ ተቆርጦ ሲታጠን ነው። ትንሽ ቁራጭ ይበቃል፤ ባለቤቱ ሳያውቅ መወሰድ ግን አለበት። ቁራጩ ፍም ላይ ይጣላል፣ ሕመምተኛው ልብስ ተከናንቦ ጭሱን ይምጋል፣ ያደረበት ነገር ይጮኽና ይለቃል። አክስቴ እንግዲህ የልጅቷን እናት ነጠላ ጫፍ ፈለገች።

አጋጣሚው አልራቀም። በዚያው ሰሞን ሰፈራችን ተስካር ነበር። ሴቶቹ ወጥ ሲሠሩ ነጠላቸውን አውልቀው ጓዳው ግድግዳ ላይ በምስማር ይሰቅላሉ። የልጅቷ እናትም ከሠሪዎቹ አንዷ ነበረች፤ መቼም ሽንኩርት ልጣ ስትከትፍ ማንም አይከለክላትም። ነገር ግን እሷም፣ እናቴም፣ ሌሎችም የሰፈሩ ሴቶች የማርያም ማኅበርተኞች ናቸው፤ ለማኅበራቸው ከአንድ ሸማኔ አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ነጠላ አሠርተዋል። አክስቴ ማኅበሩ ውስጥ የለችም፤ ያን ቀን ግን የእሷ ነጠላ ታጥቦ ስላልደረቀ የእናቴን ለብሳ ሄዳ ነበር። አክስቴ የልጅቷ እናት ነጠላዋን የትኛው ምስማር ላይ እንደሰቀለች አስተውላ፣ የእናቴንም ከጎኑ ሰቅላ፣ ማድቤት ገባች። ሰው ሲወጣላት ተመልሳ በምላጭ ጫፉን ከነዘርፉ ቆርጣ በጡቷ ሸጎጠችው።

ሲታጠን እኔም ነበርሁ። ቀርቶብኝ ቢሆን እወድ ነበር። እናቴን በጋቢ ሸፈኗት፤ ጨርቁ ፍሙ ላይ ሲወድቅ የሚያንቅ ጭስ ወጣ። አክስቴ «ከየት ያዝካት? ተናገር! ከገበታ ላይ ነው?» እያለች ታፋጥጣታለች። መልሱን ጥያቄው ውስጥ አስገብታ ነው የምትጠይቀው፤ ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ፈተና ባገኙ። እናቴን አሳላት፣ አለቀሰች፣ መጨረሻ ላይ «አዎ፣ አዎ፣ ከገበታው» አለች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ከሊማሊሞ ጫፍ ያዘኝ እላለሁ፤ ብቻ ጋቢው ይነሳልኝ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ተነሥታ አጥሚት ጠየቀች። መድኃኒቱም ለመሥራት የሚበቃውን ያህል ተውጦ ነበር፤ ይህን ብናገር የሚሰማኝ አላገኘሁም። «ያዳናት ኪኒኑ ነው፤ ኪኒኑን የሰጠቻት ደግሞ ልጅቷ ናት» አልሁ። አክስቴ ሳታመነታ «የበላ ቤት መዳኛውን ያውቃል» አለች። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አጥሚቷን ጠጣች። ማምሻውን ወንድሜን ጠርታ ሠርጉ እንደማይኖር ነገረችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ቃሏ ግን አልተንቀጠቀጠም። የእሷ ደም ያለበት የልጅ ልጅ በዚያ ዓይን ሥር አያድግም፤ እሱ ቢያገባት እናት የለኝም ይበል።

ወንድሜ ደባርቅ እኔ ዘንድ መጥቶ ሁለት ሌሊት አደረ። አይበላም። እኔ ለመዋጋት ተዘጋጅቻለሁ፤ ሽማግሌ እንልካለን፣ ቄስ እንጠራለን እላለሁ። እሱ በስተመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ በዘር ይተላለፋል እንዴ?»

ስንት ዓመት ስለ ዘር ሳስተምር የኖርሁ ሴት፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሆን ጥፊ ነው የመጣልኝ። እጄን ሰበሰብሁት። በፈረንጅ አፍ ስለ ጭላዳ ዝርያ ሲተነትን የሚውል ልጅ የእናቴን መሶብ ክዳን ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። በጣም አዘንሁ፤ ይበልጥ ያዘንሁት ደግሞ የፋርማሲዋ ልጅ ምንም እንዳልተፈጠረ ስልክ ደውላ እናቴ መድኃኒቷን መጨረሷን ስትጠይቀኝ ነው። «እንዳታቋርጠው» አለችኝ። ጨርሳዋለች አልኋት።

ከዚያ የማርያም ዕለት መጣች። እኔ እናቴ ዘንድ ነበርሁ። ለማኅበሩ ልትሄድ ሣጥኗን ከፍታ ነጠላዋን አወጣችና ዘረጋችው፤ እንደዘረጋችውም ቆመች። አንደኛው ጫፍ ከነዘርፉ የለም። በምላጭ የተቆረጠ፣ ቀጥ ያለ ነው።

እናቴ ልብሷ ሁሉ ላይ ጥግ ይዛ ትንሽ መስቀል በቀይ ክር ትጠልፋለች፤ ከሌላው እንዳይቀየርባት ነው። ጠርጣራ ሰው ናት ብያለሁ። መስቀሉን ፈለገችው። በሌላኛው ጥግ አለ። የራሷ ነጠላ ነው። አክስቴ ለብሳው ሄዳ፣ ለብሳው ተመልሳ፣ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ያስገባችው ነጠላ ነው። እንግዲህ ጓዳው ውስጥ አንዷ ማድቤት ሠራተኛ ሌላ ነገር ልትሰቅል ነጠላዎቹን አዛውራቸው ኖሯል፤ አክስቴም የሰቀለችውን ራሷ ቆርጣዋለች፤ ማታ ሲወጡ የልጅቷ እናት የራሷን ለይታ ስትወስድ፣ አክስቴ የቀረውን በጨለማ ለብሳ መጥታለች።

ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። አክስቴን አስጠራኋት፤ ነጠላውን ዘርግቼ አሳየኋት። ቀዩን መስቀል አየች፣ የተቆረጠውን አየች፤ ቀለሟ ተለወጠ። ተያዘች ብዬ ስጠብቅ ትንፋሿን ሰብስባ «አየሽልኝ? ዓይኔን ጋርዳብኝ ነው» አለች። የሽንኩርት ነጋዴዋ ጨርቁን ለውጣባታለች፤ ይህን ያህል ኃይል ነው ያላት። እኔ መጮህ ጀመርሁ።

እናቴ ናት ያስቆመችን። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የተቆረጠውን ጫፍ በጣቶቿ ትነካካለች።

«ጨርቁ የእኔ ነው፤ ሲታጠንልኝ ድኛለሁ» አለች። «የሴትዮዋን ስም አጥፍቻለሁ። ሄጄ ልነግራት ነው።»

አክስቴ ለመነቻት፤ ሠርጉ ይመለስ ካለች ይመለስ፣ ይህን ግን ምን አስነገራት? እናቴ ግን የማርያም ዕለት ናትና ውሸት ለብሼ ማኅበር አልገባም አለች። ያንኑ ነጠላ ለበሰችው፤ የተቆረጠውን ጫፍ ከፊት አደረገችው። እኔ ተከተልኋት። በልቤ ነገሩን ጨርሼዋለሁ፤ እውነት ይወጣል፣ ሴትዮዋ ይቅር ትላለች፣ ወንድሜ ያገባል። ሰው ባዮሎጂ ሲያስተምር ብዙ ከኖረ እንዲህ የዋህ ይሆናል።

የልጅቷ እናት ቤቷ ነበረች። ተነሥታ ተቀበለችን፤ አንገቷን እንደደፋች ድፎ ዳቦ አቀረበችልን። እናቴ ዳቦውን ሳትነካ ሁሉንም ነገረቻት። ሕመሟን፣ ጥርጣሬዋን፣ ምላጩን፣ ጭሱን፣ መዳኗን፤ በመጨረሻም ጫፉን አሳየቻት። ይቅርታ ጠየቀቻት። ከዚያ የልጅቷ እናት እጇን ዘረጋችና ዳቦውን በጨርቅ ሸፈነችው።

እናቴ አየችው። እኔም አየሁት።

«እንግዲህ የበላዎት እርስዎው ነዎታ» አለች የልጅቷ እናት፤ ድምፅዋ አልጨመረም። «እኔን ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ሲሉኝ ኖርሁ። ልጄን እንዴት ብዬ ቡዳ ቤት ልስደድ?»

ልናገር አፌን ከፈትሁ። ቡዳ የሚባል ነገር የለም ብል ሁለቱም ተባብረው ይጥሉኛል። እናቴ ቀልታለች። እሷ ሕይወቷን ሙሉ መሶብ ስትከድን የኖረች ሴት፣ ዛሬ የተከደነባት እሷ ናት። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ሳያት ግን እንደ መሳቅ ብላለች።

«ሐቅዎ ነው» አለች። «እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር።»

ሁለቱ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። የልጅቷ እናት ተነሥታ የሽንኩርት ጆንያ ማሰሪያ የምትቆርጥበትን መቀስ አመጣች፤ ምስማር ላይ የተሰቀለውን የማኅበር ነጠላዋን አወረደች፤ ጫፉን ከነዘርፉ ቆርጣ እናቴ ጭን ላይ አኖረችው።

«ይያዙት» አለች። «ልጄ ገብታ አንድ ነገር ቢሆኑ የሚልኩት ሌባ አይቸግርዎ። የእርስዎንም ግን ይስጡኝ።»

እናቴ ቀይ መስቀል ያለበትን ጥግ አንሥታ ያዘችላት፤ ሴትዮዋ ቆረጠችው። ከዚያ ዳቦው ተገለጠ፤ ሦስታችንም በላን። እንደዚያ የተፋጠጠ ዳቦ በልቼ አላውቅም፤ ማንም ማንን «ያምርብሻል» አላለም።

ሠርጉ በተባለው ጊዜ ሆነ። ወንድሜና ሚስቱ ኮሶዬ ገደል አፋፍ ላይ ነፋስ ቬሉን እየገፈፈባቸው ፎቶ ተነሡ። ሰው «ቡዳ ቤት ሰላቢ ገባ» እያለ አማን፤ የትኛው ቤት የትኛው እንደሆነ ግን አልተስማማም። ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። እናቴ ጨርቋን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራዋለች፤ የልጅቷ እናት በአንገቷ ማተብ ላይ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደነሱ የሚከባበሩ አማቾች አላየሁም። አንዷ ሌላዋን ሳታስቀድም በር አትገባም። ፍቅር ነው ብዬ ልጽፍ እፈልግ ነበር፤ ግን አይደለም።

ልጅ ተወለደ። ወንድ ነው፤ ጉንጩ የሞላ፣ ዓይኑ የተኳለ የሚመስል። እኔ ልማዴ ነው፤ ባየሁት ቁጥር አቅፌ «አንተ ቆንጆ!» እለዋለሁ። ምርቃት አልጨምርበትም። አክስቴ እዚያ ካለች ታስላለች።

ልጁ መዳህ ሲጀምር ትኩሳት ያዘው። ደባርቅ ሆስፒታል አስተኙት። ሁለቱ አያቶች ከዳባት በአንድ ሚኒባስ መጡ፤ አንዷ ከፊት፣ ሌላዋ ከኋላ ተቀምጠው። አልጋው ግራና ቀኝ ቆሙ። ሁለቱም ልጁን አያዩም፤ እርስ በርስ ነው የሚተያዩት። የእናቴ እጅ መቀነቷ ላይ ነው፤ የሌላዋ ማተቧ ላይ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው፣ መርፌው ይሠራል ብሎ ወጣ። የወንድሜ ሚስት ስንት ሌሊት ያልተኛ ፊቷን አንሥታ ሁለቱን አየቻቸውና እጇን ዘረጋች።

«ሁለቱንም ስጡኝ» አለች።

ፈቷቸውና ሰጧት፤ እንደዚያ የተቆጣች ሰው መከልከል አይቻልም። ወጥታ በኮሪደሩ ጫፍ ባለው የቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ተመልሳ ልጇን ጡት ሰጠችው። ኮራሁባት። ተማሪዬ ነበረች ብዬ ለነርሷ ነገርኋት። ልጁ በመርፌው ዳነ፤ እኛም ወደ ቤት ገባን።

እሑድ ዕለት ዳባት ወረድሁ። ሁለቱ አያቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከኋላቸው ነበርሁ። የሁለቱም ነጠላ በአዲስ በኩል ጫፉ የለም። መልሰው ተሰጣጥተዋል። ሳቅሁባቸው፤ እያሳቁኝ ደባርቅ ተመለስሁ። ማግስቱን የሥራ ባልደረባዬ ቤት ለቅሶ ነበር፤ የእኔን ነጠላ ከቁም ሣጥን አወጣሁ፣ ዘረጋሁት።

አንዱ ጫፍ ከነዘርፉ የለም። በምላጭ ነው የተቆረጠው፣ ቀጥ ብሎ።

አልጋው ላይ ተቀመጥሁ። ልጁ ሆስፒታል ሳለ ቤቴ ሁሉም ሰው ገብቶ ወጥቷል፤ እናቴም፣ አክስቴም፣ የሽንኩርት ነጋዴዋም፣ ወንድሜም። ልጇ ሲታመም ልብሷን ልትቀይር የመጣችው ተማሪዬም። እየደጋገምሁ አንድ በአንድ አሰብኋቸው፤ አይሆንም ብዬ የምምልለት አንድ አጣሁ። ማንንም አልጠየቅሁም። ለቅሶውን በጫፍ የለሽ ነጠላዬ ደረስሁ፤ የተቆረጠውን በኩል ወደ ውስጥ አጥፌ።

ልጁ አሁን ቆሞ መሄድ ጀምሯል። ሲያየኝ እየሮጠ ይመጣል፤ እኔም ከማቀፌ በፊት ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ እንትፍ እንትፍ፣ ማርያም ትጠብቅህ እላለሁ።